ሟች የሌለው ድንኳን

የድንኳኑ ረጅም ምሰሶ ከዕድሩ ቤት ወጥቶ የቁስቋምን ዳገት ሲያያዘው ፊቱን የተሸከመችው ዓሊማ ነበረች፤ ኋላውን የያዙት ደግሞ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋ እትዬ ብርቅነሽ። በጠዋት ሁለት ሴቶች ምሰሶ ተሸክመው ሲጣደፉ ያየ ሁሉ በየደጁ ቆም እያለ "ነፍስ ይማር" ይላል። ዓሊማም አንገቷን ሰበር አድርጋ "አሜን" ትላለች። "ማን ሞተ?" ብሎ የሚጠይቃት ቢመጣ ምን እንደምትመልስ አላሰበችም። ወይ አለማሰብ! በኋላ ጉድ ሊያፈላባቸው የነበረው ይኸው ነው።

"ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!" አሉ እትዬ ብርቅነሽ ከኋላ እያለከለኩ። "እኔ እኮ ሁዳዴ ይዣለሁ!"

"እኔስ ረመዳን ይዤ የለም ወይ፣ እትዬ? እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገላገላሉ፤ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?"

ዓሊማ ምሰሶውን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ መራመዷን ቀጠለች። የሚያስሮጣትን እሳቸውም ያውቁታል።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። ሁዳዴና ረመዳን በተገናኙበት በዚያ ዓመት ማጅራት ገትር ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ ጉለሌ ገባ። ጠዋት "ራሴን" ያለ ልጅ ማታ አንገቱ ደርቆ ይገኛል። የዕድር ጥሩምባ ሳይነፋ የሚነጋ ንጋት ብርቅ ሆነ። ክትባቱ መጥቶ በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጧል። የቀበሌው ላንድሮቨርም ድምፅ ማጉያውን ጭኖ "ወጣቶች ሆይ፣ ተከተቡ!" እያለ ከአዲሱ ገበያ እስከ ቀጨኔ ሲጮኽ ይውላል። ማን ይሂድለት? ያው ድምፅ ማጉያ ነው ባለፈው ክረምት "ለስብሰባ ኑ" ብሎ ጎረምሳውን የጠራው። ያው አዳራሽ ነው በጓሮ በሩ አስወጥቶ በወታደር ካሚዮን፣ በኦራል፣ ያስጫነው። ከማሰልጠኛ አምልጦ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ "እንደገባን መጀመሪያ ያደረጉን መርፌ መውጋት ነው" ብሎ አወራ። በቃ! መርፌው የውትድርና መጀመሪያ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው በራሱ እግር ሄደ። ሴት ልጅ ያመክናል ተባለ፤ ፆም ያስፈታል ተባለ፤ ፀበል ከጠጣ ሰው ጋር አይስማማም ተባለ። አንዱን ያላመነ ሌላውን አመነ፤ ሁሉንም ያላመነ ኦራሉን ፈራ።

ዓሊማ ኦራሉን ከፈሩት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አዲሱ ገበያ በር ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች ያሳደገችው አንድ ልጅ አላት፤ አማን ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሚኖረው ከሱቁ ኮርኒስ በላይ ነው። ደንበኛ ሲመጣ አይስልም፤ አይገላበጥም። እናቱ ምግቡን በዘንግ ጫፍ ባሰረችው ቅርጫት ታቀብለዋለች። የጎረምሳ ኑሮ ነው ይሄ? ግን በሕይወት አለልኝ ትላለች፤ እሱ ይበቃት ነበር።

የባሏ እህት የጀዊሪያ ልጅ ሬድዋን እንደ አማን ሁሉ ኮርኒስ ላይ ነበር። ሲያተኩሰው እናቱ ሐኪም ቤት ብታወርደው መንገድ ላይ የሚያፍሱት መሰላት። ዛሬ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል ስትል አንገቱ ደረቀ። ያወረደችው ለመገነዝ ነው። ዓሊማ ያን ዕለት ከለቅሶው ስትመለስ ሱቋ ገብታ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችው። ልጄን ከሞት የሸሸግኩ እየመሰለኝ ለሞት አስቀምጬለታለሁ እኮ አለች፤ አልቅሳ ስታበቃም ሻሿን አጥብቃ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄደች።

ከጤና ጣቢያ የተመደበችው ሲስተር ሰናይት በባዶው አዳራሽ መሐል በረዶ ሳጥኗን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

"ሲስተር፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ልጄ መውጣት አይችልም። ቤት መጥተሽ ክተቢልኝ" አለቻት።

"የእርስዎን ልጅ ልክተብልዎት፣ እናቴ። ጎረቤቱስ?" አለች ሰናይት። ድካሟ ከድምፅዋ ይሰማል። "በትንፋሽ ነው እኮ የሚተላለፈው። እዚህ ከተጎለትኩ ወዲህ የመጡልኝ ታቅፈው የመጡ ሕፃናት ብቻ ናቸው። የሚሞቱብን ጎረምሶች የት ገቡ? ሁሉንም ያምጡልኝ። የትም ይሁን፣ ሳጥኔን ይዤ እመጣለሁ።"

"የትም?"

"ገደል ውስጥም ቢሆን! መድኃኒቱ እኮ እጄ ላይ ሊበላሽ ነው!"

ዓሊማ ከዚያ በቀጥታ እትዬ ብርቅነሽ ቤት ሄደች። ሽሮ ሲነፉ ነው ያገኘቻቸው።

"እትዬ፣ ወንድ ልጅ ተሰብስቦ የማይታፈስበት ቦታ የት ነው?"

"ለቅሶ ቤት" አሉ ቀና እንኳ ሳይሉ። ከዚያ ወንፊቱን አስቀመጡና ቀና አሉ። "ከኳስ ሜዳ አፍሰዋል፤ ከአውቶቡስ ፌርማታ አፍሰዋል። ከዕድር ድንኳን ግን የደፈረ የለም። የሚያፍሰውም ሰው ነገ እናቱ ትሞትበታለች። ማን ሊቀብርለት?"

"ታዲያ ሰው ሳይሞት ድንኳን ይተከላል?"

"ድንኳን ያየ ሰው የሞተ ይመስለዋል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል!" አሉ እትዬ ብርቅነሽ። እንዲህ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሁለቱም ብልጥ ሴቶች ናቸው፤ ግን "ሌላ ምን ያስፈልጋል" ብለው እዚያው ላይ አቆሙት።

ድንኳኑ በእትዬ ብርቅነሽ ግቢ ተተከለ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች አግዳሚውን ደረደሩ፤ ንፍሮ ተጣደ። በድንኳኑ ጥግ አንሶላ ተጋረደና ሲስተር ሰናይት ከኋላው ገባች። ከዚያማ የዕድሩ ሴቶች በየቤቱ ሹክ ብለው ነበርና ጉለሌ ደብቆት የኖረው ሁሉ ይወጣ ጀመር። ከኮርኒስ፣ ከቁም ሳጥን ኋላ፣ ከከብት ማደሪያ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። እናቶቹ ጎረቤታቸውም ልጅ እንደደበቀች አያውቁም ነበርና "አንቺም?" "ውይ፣ አንቺም?" ይባባላሉ። ግድግዳ ለግድግዳ እየኖሩ አንዷ ከአንዷ ተሸሽገው ኖረዋል።

አማን ከመጨረሻዎቹ ጋር መጣ። ዓሊማ ልጇን በቀን ብርሃን ካየችው ስንት ጊዜዋ! ፊቱ ገርጥቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ጎንበስ ብሎ መሄድ ለምዶበት ሰፊው ግቢ ውስጥ እንኳ አጎንብሷል።

"ቀና በል፣ ልጄ" አለችው። "እዚህ ኮርኒስ የለም።"

ሲስተር ሰናይት የያዘችው እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ መከተቢያ ነው። ክንድ ላይ ደገፍ አድርጋ ስትጫነው "ጠሽ" ይላል፤ አለቀ። አንዱ ጎረምሳ ገና ሲያየው አፈገፈገ።

"ከጠመንጃ ሸሽቼ መጥቼ?"

"ይቺ የምትተኩሰው በሽታው ላይ ነው። ክንድህን አምጣ!" አለችው፤ ጠሽ!

ፆሙም ቢሆን ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም። ዓሊማ አስቀድማ የመስጊዱን ሼህ ጠይቃለች፤ "ክትባት ምግብ አይደለም፤ ፆም አያበላሽም፤ ነፍስን መጠበቅ ግዴታ ነው" ብለዋታል። እትዬ ብርቅነሽም የነፍስ አባታቸውን ጠይቀዋል። ቄሱ ሳቁባቸው አሉ፤ "ብርቅነሽ፣ አንቺ የምትበዪው በክንድሽ ነው እንዴ?" ብለው። ይቺ ቀልድ ከአግዳሚ አግዳሚ ስትዞር ስንቱን የሚያመነታ አንሶላው ኋላ አስገባችው።

ሁሉም ነገር በሰላም እየሄደ ሳለ ከቁስቋም በኩል ዋይታ ተሰማ። እማማ ገበያነሽ ናቸው! በዳገቱ ሁሉ የታወቁ አልቃሽ። ድንኳን ሲተከል የነገራቸው የለም፤ ግን ድንኳን ሲተከል የሚቀሩ ሰውም አይደሉም። ደረታቸውን እየደቁ ገብተው መሐል ቆሙ።

"ወየው! ወየው! በሉ ስሙን ንገሩኝና ላልቅስበት!"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዓሊማ እትዬ ብርቅነሽን አየች፤ እትዬ ብርቅነሽ ዓሊማን አዩ። ድንኳን አለ፤ ንፍሮ አለ፤ አልቃሽ እንኳ መጣ። የሞተ ሰው ግን አላዘጋጁም!

"ምነው? ስም የለውም እንዴ?" አሉ እማማ ገበያነሽ።

ያን ጊዜ ነው የኦራል ሞተር ከታች ሲያጓራ የተሰማው። ፊሽካ ተነፋ። አንሶላው አጠገብ ሁለት የተጠቀለሉ እጅጌዎች ወዲያው ወረዱ። ጎረምሶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው በሴቶቹ መሐል ተሸጎጡ። ዓሊማ አማንን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች። አልተከተበም፤ ተራው ገና ሊደርስ ነበር።

የድንኳኑን መግቢያ ገልጦ የገባው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ መሸሻ ነው። ካኪውን ለብሷል፤ ክላሹን አንግቷል፤ ሁለት ወጣት ጥበቃዎች ይከተሉታል።

"ማን ሞተ?" አለ።

"የእትዬ ብርቅነሽ አጎት" አለች አንዷ ከቀኝ።

"አክስታቸው ናት" አለች ሌላዋ ከግራ፣ በዚያው ቅጽበት።

"መርዶ ነው! መርዶ ከክፍለ ሀገር!" አለች ሦስተኛዋ፣ ሁለቱን ላስታርቅ ብላ።

እማማ ገበያነሽ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው "አንተ የኔ ጌታ! አንቺ የኔ እመቤት! ማንም ሆንክ ማንም ሆንሽ ወዮልኝ!" ብለው አቀለጡት። ሌላ ቀን ቢሆን ሳቅ ያፈነዳ ነበር። ዓሊማ ግን ዓይኗን ከመሸሻ አልነቀለችም።

መሸሻ ዓይኑን ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ አዞረ። ጋቢዎቹን አየ፤ ከጋቢዎቹ ሥር የወጡትን የጎረምሳ እግሮች አየ፤ የተጋረደውን አንሶላ አየ። ሁሉም ገባው። ዓሊማ እንደገባው አወቀች። ኦራሉ በር ላይ እስኪደርስ የቀራት ጥቂት ጊዜ ነው። አሁን ካልተናገረች ልጇ ሄደ ማለት ነው።

"ጋሽ መሸሻ" አለችው። ጓድ አላለችውም። "ይህን ድንኳን ያውቁታል?"

መሸሻ ዓይኑን ወደ ምሰሶው አነሳ።

"የካቲት ላይ በእርስዎ ደጅ ነው የተተከለው። ዓለምፀሐይን የቀበርነው እኛ ነን። እኔ ሙስሊሟ ሦስት ቀን ከሚስትዎ ጎን ቁጭ ብያለሁ። ያኔ መድኃኒቱ አልደረሰላትም፤ ቢገኝ ኖሮ ከሰማይም ቢሆን አያወርዱላትም ነበር? ይኸው ዛሬ ለኛ ልጆች ደርሷል። ከዚያ አንሶላ ኋላ ነው ያለው። ጋሼ፣ ልጄ ተራው ደርሶ ነበር።"

የመሸሻ ፊት ተለዋወጠ። ዓለምፀሐይ የበኩር ልጁ ናት፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የሰፈሩ ሁሉ መልእክተኛ የነበረች። አርባዋ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነበር። መሸሻ ግን ተዝካር ኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ሲደርስበት ምን ይበል? አርባዋን ሳያወጣላት ቀረ። ሚስቱ ጎረቤት ቤት ገብታ ነው ያለቀሰችው። እሱ ሲያለቅስ ያየ የለም።

ከባድ ቦት ጫማ ግቢው ውስጥ ተሰማ። ከኦራሉ የወረደው መቶ አለቃ ራሱ መግቢያውን ገልጦ ቆመ። ሁለት ወታደሮች ከጀርባው አሉ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ፈቃድ አላችሁ? ሟቹ ማን ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ መሸሻን አዩ። ያን ጊዜ ከአንሶላው ኋላ ጠሽ! የሚል ድምፅ ወጣ። ሰናይት ናት፤ መከተቢያው እጇ ውስጥ አመለጣት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ መቶ አለቃው።

"ንፍሮው ነው፣ የኔ ጌታ" አሉ እትዬ ብርቅነሽ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። "ገነፈለብን።"

መቶ አለቃው ወደ መሸሻ ዞረ። "ጓድ፣ ሟቹ ማን ነው ብያለሁ።"

ዓሊማ ከጀርባዋ የአማንን ትንፋሽ ትሰማለች። አላህ ሆይ፣ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ አለች በልቧ።

መሸሻ ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ወደ መሬት አዘቀዘቀው።

"ልጄ ናት" አለ። "ዓለምፀሐይ መሸሻ። ማጅራት ገትር ነው የገደላት። ዛሬ አርባዋ ነው።"

መቶ አለቃው ሰውየውን ለአፍታ አየው። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን የውሸት አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። ኮፍያውን አወለቀ።

"ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናህ" አለ፤ ጓድ ማለቱን እሱም ረሳው። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ብርቅነሽ በሳህን ንፍሮ አቀረቡለት። አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ ለወታደሮቹም አቃምሶ፣ ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ቆየና ተነሳ። ጋቢ የለበሰውን ሁሉ እያየ ነው የወጣው፤ ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል። ኦራሉ ባዶውን ዳገቱን ወርዶ ሄደ።

ሞተሩ እስኪርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እማማ ገበያነሽ ተነሱ። ስም አገኙ እኮ! ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በዝግታ ጀመሩት።

"ዓለሜ፣ ዓለሜ፣ የመሸሻ ልጅ፣
አወጣሽው ወንዱን ከጓዳ ወደ ደጅ።"

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ጀዊሪያ ለሬድዋን አለቀሰች፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ለቀበሩት አለቀሱ። መሸሻ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ከየካቲት ጀምሮ አንቆ ይዞት የኖረው ሁሉ ወጣለት። ዓሊማ ሙሾ አታውቅም፤ ከጎኑ ተቀምጣ "ሶብር ይስጥዎት፣ ጋሼ" እያለች ትከሻውን ያዘችው።

ትንሽ ቆይቶ እንባውን በካኪው እጅጌ ጠረገና ቀና አለ። "ምን ቁጭ ትላላችሁ?" አለ ጎረምሶቹን፤ የለመደው ቁጣ ተመለሰ። "መድኃኒቱ ይበላሻል አልተባለም? ተሰለፉ!" ከዚያ ወደ ሁለቱ ጥበቃዎቹ ዞረ። "እናንተም። ምን ታፈጣላችሁ፣ እጅጌያችሁን ጠቅልሉ!"

አማን አንሶላው ኋላ ገባ። ዓሊማ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ጠሽ! ልጇ ክንዱን እያሸ ወጣና "ይሄ ነው እንዴ? ይሄን ነው የፈራነው?" አላት። ምን እንደነካት አታውቅም፤ እልልታዋ ከአፏ አመለጠ።

"አንቺ! በለቅሶ ድንኳን እልል አይባልም!" አሉ እትዬ ብርቅነሽ። ብለው ሳይጨርሱ ግን እሳቸውም እልል አሉ። ከዚያ ማን ይመልሰው? በአንድ በኩል እማማ ገበያነሽ ያስለቅሳሉ፤ በሌላ በኩል ሴቶቹ በእያንዳንዱ ጠሽ እልል ይላሉ። በዳገቱ የሚያልፍ ሰው ሠርግ ይሁን ለቅሶ ግራ ገብቶት ቆሞ ይሰማል፤ ቆሞም አልቀረ፣ ልጁን ይዞ ይገባል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰናይት በረዶ ሳጥን ባዶውን ቀረ። ባዶውን ሳጥን ገልብጣ እያሳየች ሳቀች፤ ስትስቅ ያያት ሰው አልነበረም እስከዚያ ቀን።

አማን ወደ ኮርኒሱ አልተመለሰም። ቢያንስ ያን ዕለት አልተመለሰም። ከእናቱ ጎን ቀጥ ብሎ እየሄደ ዳገቱን ወረደ፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሱቁ በር ላይ በአደባባይ ተቀምጠው በቴምር አፈጠሩ።

በማግስቱ ድንኳኑን ሲያፈርሱ አቶ መዝገቡ መጡ፤ የቀጨኔው ዕድር ዳኛ ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ቆሙ።

"እትዬ ብርቅነሽ፣ ሰምተናል። ሲስተሯ አዲስ ሳጥን ይዛለች አሉ። ልጆቻችን በየኮርኒሱ ናቸው። ድንኳናችሁን ታውሱናላችሁ?"

"ውሰዱ" አሉ እትዬ ብርቅነሽ። "ብቻ አደራ፣ ከመትከላችሁ በፊት ሟቹ ላይ ተስማሙ። እኛ ጉድ ልንሆን ነበር!"

አቶ መዝገቡ ጭንቅላታቸውን አከኩ። "ማን እንበል ታዲያ? ሕያው ሰው ሞተ ማለት ደግ አይደለም።"

ምሰሶውን ሲነቅል የነበረ ሰው ሥራውን አቆመ። መሸሻ ነው፤ ካኪውን አውልቆ በሸሚዝ ነበር።

"ዓለምፀሐይ መሸሻ በሉ" አለ። "ጠያቂ ከመጣ አባቷን ጥሩት፤ መጥቼ እቀመጣለሁ።"

እንዳለውም መጣ፤ በየደረሰበትም ተቀመጠ። በዚያ ሚያዝያ የመሸሻ ልጅ ተዝካር ከቁስቋም እስከ ቀጨኔ፣ ከቀጨኔ እስከ አዲሱ ገበያ፣ በየሰፈሩ ወጣላት።